ያሾፍኩበት ቀበቶ

«ሃያ አምስት ዶላር ከሆነ እኔ እከፍልልሃለሁ፤ አንተ ብቻ መኪናህን ንዳ!»

ይህን ያሉኝ ባለፈው ቅዳሜ ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ ተነስተን ሜሪላንድ ወደ ተደገሰ ሠርግ ስንሄድ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ናቸው። አብረዋቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሦስቱም የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሽቶአቸው መኪናዋን ሞልቷታል። እኔ ሞተር ከማስነሳቴ በፊት «እባካችሁ ቀበቶ እሰሩ» አልኩ።

«ይሄን ጥልፍ? ተጨማድጄ ልገባልህ ነው?» አሉ እኒያ እናት።

«ደግሞ የኋላ ወንበር ከመቼ ወዲህ ነው ሕግ የሆነው?» አለች ሌላዋ።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በቨርጂኒያ ከፊትም ሆነ ከኋላ የሚቀመጥ አዋቂ ሁሉ ቀበቶ ማሰር እንዳለበት፣ ቅጣቱም 25 ዶላር እንደሆነ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ነው ሴትየዋ ቦርሳቸውን ከፍተው ገንዘብ መፈለግ የጀመሩት። እኔ ደግሞ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁና «እንግዲያው አልነዳም» አልኩ። ሦስቱም ዝም ብለው አዩኝ። እብድ ነው ወይስ ቋጣሪ ብለው እንዳሰቡ ከፊታቸው አነበብኩ። በመጨረሻ እያጉረመረሙ አሰሩ። መንገዱን ሙሉ ያናገረኝ አልነበረም።

እነዚያን እናቶች ያስቀየምኩበት ምክንያት 25 ዶላሩ አይደለም። ምክንያቱን በዕለቱ አልተናገርኩም፤ ለሠርግ የሚነገር ወሬ አይደለምና። ዛሬ ግን ለእናንተ ለአንባብያን እናገራለሁ።

አገር ቤት ሳለሁ ጋዜጠኛ ነበርኩ። በአንድ የግል ጋዜጣ ላይ ሳምንታዊ ዓምድ ነበረኝ፤ ሰው የሚያነበው ስለሚያስቅ ነበር። በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ መንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208ን አወጣ። ደንቡ ጥፋቶችን በእርከን ደርድሮ ለእያንዳንዱ ቅጣት መደበለት፤ ቀበቶም በውስጡ ነበረበት። እኔም ብዕሬን አነሳሁ። «መንግሥት እጃችንንና አፋችንን አስሮ አልበቃ ብሎት፣ አሁን ደግሞ ሆዳችንን ከወንበር ጋር ሊያስረን ነው» ብዬ ጀመርኩ። ትራፊክ ፖሊሱን የልብስ ሰፊ አስመሰልኩት፤ ሾፌሩን የታሰረ በግ አደረግሁት። የገንዘብ መሰብሰቢያ ዘዴ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም አልኩ። ዓምዱ ተወደደ። ስልክ ተደወለልኝ። ሻይ የጋበዙኝም አሉ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍኩም። እኔ በውጭ አገር ተምሬ፣ ዲግሪ ይዤ የተመለስኩ ሰው ነበርኩ። በተማርኩበት አገር ባሳለፍኳቸው ዓመታት አንድም ቀን ቀበቶ ሳላስር መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። ቀበቶ ሰው እንደሚያድን አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅሁ አሾፍኩ። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ከመንግሥት የመጣ ሁሉ ለእኔ መሾፊያ ነበር። እውነቱን ለመናገር መንግሥትን ለመንካት ቀላሉ ቦታ እሱ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

የዝግጅት ክፍላችን አንድ ሾፌር ነበረን፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንለው። ዕድሜው ሃምሳን አልፎ ነበር። አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ይነዳ ነበር፤ የመኪናዋ ቀበቶዎች ከወንበሩ ልብስ ሥር ተቀብረው ይኖራሉ። ጋሼ ያን ዓምዴን ከጋዜጣው ቆርጦ ፊት ለፊቱ ካለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ሰካው። ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ የራሱን ቀበቶ ከትከሻው ላይ ስቦ በእጁ ይይዛታል፤ ሳይቆልፋት። ፖሊሱን ሲያልፍ ይለቃትና «አየህ፣ እንዳልከው በግ ሆኜ አለፍኩ!» ብሎ ይስቃል። አብረን እንስቃለን። አንዳንዴም «ቀን ከደረሰ ጨርቅ አያድንም» ይለኝ ነበር።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ አንድ ሌሊት የታተመውን ጋዜጣ ጭኖ ወደ አዳማ ወጣ። ያን ጊዜ አዲሱ የክፍያ መንገድ ገና አልተከፈተም፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የነበረው የድሮው ጠባብ መንገድ ነው፤ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ጋሪው፣ አህያው፣ ሁሉም በአንድ መስመር የሚተራመስበት። ዱከምን አልፎ ቢሾፍቱ ሳይደርስ ለመቅደም የወጣ የጭነት መኪና ፊት ለፊት መጣበት። ጋሼ ፍሬን ይዞ ነበር፤ ፍጥነቱም ብዙ አልነበረም አሉ። ደረቱ ከመሪው ጋር ነው የተጋጨው። ከጎኑ የተቀመጠው የስርጭት ሠራተኛ ልጅ ቀበቶውን ከወንበሩ ሥር ቆፍሮ አውጥቶ አስሮ ነበር፤ እናቱ ሁልጊዜ ስለምትጨቀጭቀው። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ተረፈ። በአንድ መኪና፣ በአንድ ግጭት፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ዳነ።

ለቅሶ ስንደርስ ባለቤቱ በአንድ ፌስታል ከመኪናው የተገኘ ዕቃውን አሳየችን፤ መነጽሩ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ሊብሬው። ከእነሱ ጋር የኔ ዓምድ ነበረ፤ አራት ቦታ ታጥፎ። «ያንተን ጽሑፍ በጣም ይወደው ነበር» አለችኝ።

የጋዜጠኛ ወግ ሲሳሳት ማረሚያ ማውጣት ነው። አላወጣሁም። «እኔ ስለ ፖለቲካ ነው የጻፍኩት» እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ የራሳችን ጣጣ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጋዜጠኞች በገፍ ከተሰደዱት መካከል አንዱ ሆንኩ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከአሥር ዓመት በላይ የዘገየ ማረሚያ ነው ቢባል አላፍርም።

እዚህ መጥቼ እንደ ብዙዎቻችሁ መሪ ጨብጬ እንጀራዬን መጋገር ጀመርኩ። አንድ ሌሊት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መንገደኛ አድርሼ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ መንገድ ዳር ስልኬን ስፈልግ ቆየሁና እንደ ተፈታ ነዳሁ። ሁለት መቶ ሜትር አልሄድኩም፤ ከኋላዬ ሰማያዊና ቀይ መብራት በራ። እኔ ምን አደረግሁ? አገሬ ያለሁ መስሎኝ በሩን ከፍቼ ወጣሁ! አዲስ አበባ ትራፊክ ሲያስቆማችሁ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ፣ ራስ ዝቅ አድርጋችሁ «ወንድሜ፣ ይቅርታ» እያላችሁ ወደ እሱ ትሄዱ የለም? መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ንቀት ነው። እዚህ ግን ከመኪና ወጥቶ ወደ ፖሊስ መራመድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ፖሊሱ እጁን ወደ ወገቡ ሰድዶ ሲጮህብኝ ነው። እግሬ ተብረከረከ። ተመልሼ ገባሁ። ቅጣቱ 50 ዶላርና 2 ነጥብ ሆነ።

ለሳምንት ያህል ተናደድኩ። «ጥቁር ስለሆንኩ ነው» አልኩ። በዚህ ነገር ሞኝ አልነበርኩም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 የወሰነው የሬን መዝገብ የተነሳው ከዚያችው ከዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ፖሊሶች ዕፅ ይኖራል ብለው የጠረጠሯቸውን ሁለት ጥቁር ወጣቶች ምልክት ሳታሳዩ ታጠፋችሁ ብለው አስቆሟቸው። ፍርድ ቤቱም በሙሉ ድምፅ፣ እውነተኛ የትራፊክ ጥፋት እስካለ ድረስ የፖሊሱ የውስጥ ሐሳብ ምንም ይሁን ምን ማስቆሙ ሕጋዊ ነው አለ። ይህ ማለት የተፈታች ቀበቶ ለማስቆም ሰበብ ትሆናለች ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ቴክሳስ ውስጥ ላጎ ቪስታ በምትባል ትንሽ ከተማ ጌይል አትዋተር የተባለች እናት ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ይዛ ስትነዳ ሦስቱም ቀበቶ ባለማሰራቸው ፖሊስ አስቆማት። ጥፋቱ የሚያስቀጣው ቢበዛ 50 ዶላር ነው፤ እስር የለበትም። ፖሊሱ ግን እጇን በካቴና አስሮ ወሰዳት፤ አንድ ሰዓት ያህል ታስራ በዋስ ተፈታች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2001 በ5 ለ4 ድምፅ ተፈረደባት። በገንዘብ ብቻ ለሚያስቀጣ ጥፋትም ፖሊስ ማሰር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ተባለ። እሷ ነጭ ነበረች። ታዲያ እኔና አንተ፣ ወገኔ፣ ወረቀታችን ገና በእንጥልጥል ያለን ሰዎች፣ ለፖሊስ ሰበብ በገዛ እጃችን ለምን እንሰጣለን?

እስቲ የየሠፈሩን ሕግ ላንሳ፤ እዚህ አካባቢ ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ሕጉ ይለወጣልና። በዲሲ ከፊትም ከኋላም የተቀመጠ ሁሉ ማሰር አለበት፤ ፖሊስም ለዚሁ ብቻ ማስቆም ይችላል። ነጥብ ደግሞ ይጠራቀማል፤ 10 ሲደርስ መንጃ ፈቃድ ለ90 ቀን ይታገዳል፤ 12 ሲሞላ ይሰረዛል። በታክሲና በመተግበሪያ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ማለት የልጆች ቀለብ ማለት ነው። በሜሪላንድ ከፊት የተቀመጠ ሳያስር ቢያዝ 83 ዶላር ነው። በቨርጂኒያ አዋቂ 25 ዶላር ነው፤ ነጥብ የለውም፤ ፖሊሱም ለቀበቶ ብቻ ብሎ አያስቆምም፤ በሌላ ጥፋት ካስቆመ ግን ይጨምራል። ኒው ሃምፕሻየር የምትባል አንዲት ግዛት ደግሞ ለአዋቂ የቀበቶ ሕግ የላትም። የቀሩት ሁሉ በየዓይነቱ አላቸው። የመጀመሪያዋ ኒው ዮርክ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1984። በዓለም ደግሞ ቀዳሚዋ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1970። እዚህ አገርም ሕጉ ሲወጣ «ነፃነታችን ተነካ» ብለው የጮሁ፣ ቀበቶአቸውን በመቀስ የቆረጡ ነበሩ። ስለዚህ የኔ ዓምድ አዲስ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ቀበቶዋን ራሷን በዛሬ መልኳ የሠራት ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ ኩባንያ። ትከሻንም ወገብንም በአንድ ጊዜ የምትይዘው ማለቴ ነው። ኩባንያው የፈጠራ መብቱ የራሱ ሆኖ ሳለ ሌሎች አምራቾች ሁሉ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የአሜሪካ ፌዴራል የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው ቀበቶ ከፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል በ45 በመቶ ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ በዚህ አገር ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ነፍስ አድናለች። በመኪና ሁሉ ላይ ያለች ያቺ ጨርቅ ናት ይህን ያደረገችው። ጋሼ «አያድንም» ያላት፣ እኔም ያሳቅሁባት።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናቶች። ከክርስትና ወይም ከልደት ስንመለስ ሕፃኑን ታቅፎ መሄድ ልማዳችን ነው። «ከእናት እቅፍ የተሻለ ምን አለ?» እንላለን። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መኪና በሰዓት 30 ማይል እየሄደ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል ከ130 ኪሎ በላይ ይሆናል። ከእናንተ መካከል በአንድ ቅጽበት ኩንታል ከነምራቂው በክንዷ የምታቆም ማን ናት? በቨርጂኒያ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ በልጅ ወንበር መታሰር አለበት፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ክብደቱ ወንበሩ ከሚፈልገው ካልደረሰ በቀር። ለዚህ ለብቻው ፖሊስ ያስቆማል፤ የመጀመሪያው ቅጣት 50 ዶላር ነው።

ከቀበቶ ወጣ ብዬ አንድ ሌላ ነገር ልናገር፤ ሰው ያስለቀሰ ነገር ስለሆነ። አንድ የማውቀው ወጣት ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ልጅ ነበር። በቨርጂኒያ አውራ ጎዳና 70 በተፈቀደበት በ88 ሲነዳ ተያዘ። ፖሊሱ ወረቀት አስፈርሞ ሸኘው። ልጁ «ቲኬት ነው፤ ገንዘብ ሳገኝ በፖስታ እልካለሁ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በቨርጂኒያ ግን ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል ማለፍ፣ በግድየለሽነት መንዳት ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ድረስ። የፈረመው ወረቀት ፍርድ ቤት እቀርባለሁ የሚል ቃል ነበር። አልቀረበም። ከወራት በኋላ በአንዲት ትንሽ ጥፋት ሲያስቆሙት ማዘዣ ወጥቶበት ተገኘ። ካቴና ገባለት። ለትርጉም የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። «ጋሽዬ፣ እኔ እኮ ማንንም አልገደልኩም» እያለ ሲያለቅስ ሰማሁት። በጠበቃ ብርታትና በዳኛው ርኅራኄ ነገሩ ቀለለት። ነገር ግን በዜግነት ማመልከቻው ላይ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ የሚለውን ጥያቄ በደረሰ ጊዜ «አዎ» ብሎ መመለስ፣ ማስረዳትም ይኖርበታል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ከመኪና አትውጡ። መስኮቱን ዝቅ፣ የውስጥ መብራቱን ቦግ አድርጋችሁ፣ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አኑሩ። ወረቀት ለማውጣት ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ተናገሩ። መንገድ ዳር አትከራከሩ፤ ክርክር በፍርድ ቤት ነው። ገንዘብ የሚባል ነገር በአፋችሁም በእጃችሁም አይታይ። የተሰጣችሁን ወረቀት በዚያው ቀን፣ ካልገባችሁ እንግሊዝኛ ከሚችል ሰው ጋር አንብቡት። በዲሲ የካሜራ ቅጣት ከተፈቀደው ከ11 እስከ 15 ማይል ላለፈ 100 ዶላር ነው፤ በጊዜው ካልመለሳችሁለት እጥፍ ይሆናል። መሳቢያ ውስጥ የተኛ ወረቀት በዚህ አገር አይሞትም፤ ይወልዳል።

ይህን ሁሉ ስል ሕግ ሁሉ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። እኛ ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ስንታሰርና ስንሰደድ የኖርን ነን። ያም «ሕግ» ተብሎ ነበር። ሕግ ዱላ የሆነበት ሰው ሕግ ሲባል ጀርባው መሸምቀቁ አያስደንቅም። ብዙዎቻችን ከቀበቶው ጋር የምንጣላው ከዚያ በተረፈ ቁጣ ይመስለኛል። እኔ ቢያንስ እንደዚያ ነበርኩ። ሁለቱን መለየት አቃተኝ፤ አፍ የሚለጉመውን ሕግና ደረት የሚያድነውን ሕግ በአንድ ጅራፍ ገረፍኳቸው። የመጀመሪያው እኔን አሰደደኝ። በሁለተኛው መሾፌ ግን ሰው አስከፈለ።

አያቶቻችን አንድ ቃል ነበራቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ቢጣሉና አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ ሌላው የያዘውን ዱላ እንኳ ሳያወርድ ባለበት ይቆማል። ፖሊስ የለም፣ ካሜራ የለም፣ ነጥብ የለም። የሚያቆመው ቃሉ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሕግ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነበር። ቀበቶውንም እኔ ዛሬ የማየው እንደዚያ ነው። የ25 ዶላሩ ጌታ የቨርጂኒያ ግዛት ነው፤ ከኋላዬ የተቀመጡት እናት ግን በእኔ እጅ ናቸው።

እኒያ እናት በሠርጉ ማግሥት እሑድ ደወሉልኝ። «ቀሚሴ አልተጨማደደም» አሉና ሳቁ። ቀጥለው «ግን ምን ሆነህ ነው ያን ያህል የከፋህ?» አሉኝ። «እጽፈዋለሁ፣ ያነቡታል» አልኳቸው። እትዬ፣ ይኸው ጻፍኩት። ለጋሼም ባለቤት፣ ባለችበት ይድረሳት፦ ያ ጽሑፍ ስህተት ነበር።

ቸር ይግጠመን።